«መጣ?» «ሄደ!»

ልጆች ሆነን ጣራ ላይ የሚወጣው ታላቅ ወንድሜ ነበር። አባታችን ሳሎን ተቀምጠው ምስሉን ያያሉ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሳቸውን ቃል ታቀብላለች፤ እኔ ግቢ ውስጥ አንጋጥጬ ወደ ላይ እጮሃለሁ። ወንድሜ ቆርቆሮው ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ አንቴናው የታሰረበትን አጣና አቅፎ ቀስ እያለ ያዞራል።

«መጣ?»

«ሄደ!»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ፉሪ መልሰው! መጣ! መጣ! እንዳትነካው!»

አጣናውን በሽቦ አስሮ ሊወርድ ሲል ምስሉ እንደገና ይሄዳል። አንዳንድ ማታ እዚያው እንደያዘ እንዲቆይ ይታዘዝ ነበር፤ እሱ እጁን ሲለቅ ምስሉም ይለቃላ። ዜናው አልቆ ድራማው እስኪጋመስ ጣራ ላይ ቆሞ ድምፁን ብቻ የሰማባቸው ምሽቶች አሉ። ዛሬም ስለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ስናወራ «እኔ የሰማሁት ራዲዮ ነው» ይላል።

ያን ጊዜ የአዲስ አበባ አንቴና ሁሉ ፊቱን ወደ ፉሪ ተራራ ነበር የሚያዞረው። የእኛ ቤት ግን ከተራራው ጋር በቀጥታ አይተያይም፤ መሐል ላይ ፎቅ ነበር። ስለዚህ የእኛ ቤት ዜና አንባቢ ሁልጊዜ ጥላውን ከጎኑ አስከትሎ ነው የሚቀርበው። ከዚያ ላይ ያ ሽሽሽ የሚለው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ አለ። በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ቀለም ሲመጣ፣ እኛ ቤት አልመጣም፤ ቀለሙን ያየነው ጎረቤት በር ላይ ተደርድረን ነው። ይሁን እንጂ ነጠብጣብም ይሁን ጥላ፣ የሆነ ነገር ሁልጊዜ ይመጣ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጨርሶ ባዶ የሆነበት ማታ ትዝ አይለኝም፤ መብራት ከጠፋ በስተቀር።

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን የዲጂታል ሽግግር ነገር ተነሣ። «ሰው ሁሉ ዲሽ አለው፤ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ናቸው። አናሎግ ጠፍቶ ዲጂታል ቢመጣ ማን ያውቀዋል?» አለኝ። አስተዋይ ሰው ነው፤ በብዙ ነገር እንስማማለን። በዚህ ግን አልተስማማሁም። ያልተስማማሁትም መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አንድ ጊዜ በሰው አገር፣ በአንዲት አዛውንት ሳሎን ውስጥ፣ ይህንኑ ሽግግር በገዛ እጄ ስላበላሸሁት ነው።

በዲቪ አሜሪካ ሄጄ፣ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ በምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። እዚህ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ነበር፤ እዚያ ግን ሥራዬ ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት መቀበል ሆነ። ሙያዬን ያልረሱልኝ የአገሬ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቴሌቪዥን ሲበላሽ፣ ኮምፒውተር ሲቆም፣ የበር ደወል ዝም ሲል ይደውሉልኛል፤ ሒሳቡ ምሳ ነው። እማማ ከእነዚህ ደንበኞቼ አንዷ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋዜጣ ላይ መውጣትን አይወዱም። የልጃቸውን ልጆች ሊያሳድጉ ሄደው፣ ልጆቹ አድገው፣ ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወር «ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብለው፣ ለአዛውንቶች በተሠራ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

ኬብል አላስገቡም፤ በየወሩ የሚከፈል ነገር አይወዱም። ያላቸው ከጎረቤት የተላለፈላቸው ጀርባው ትልቅ ቴሌቪዥንና አናቱ ላይ የተቀመጠ፣ አሜሪካኖቹ የጥንቸል ጆሮ የሚሉት ባለ ሁለት ዘንግ አንቴና ነበር። እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ግን ሦስት ነገር ሳያዩ አይውሉም። የአየር ሁኔታውን ያያሉ፤ በረዶ ከጣለ እሑድ የሚወስዳቸው መኪና አይመጣማ። የማታውን ዜና ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳኛ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያከራክርበትን ፕሮግራም ያያሉ። ይኸኛው አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር። «ይሄ ሰውዬ ዋሽቷል፤ እጁን እየው» ይሉኛል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ከእሳቸው ፍርድ ጋር ይገጥማል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ኦባማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እሳቸው ቤት ነበርኩ። ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤት ተጠርቷል። ምስሉ የሚመጣው ከማዶ ካለው ሕንፃ ጋር እየተላተመ ስለነበር ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ኦባማ ቆመዋል፤ አንዱ ደመቅ ያለ፣ ሌላው ከቀኙ ፈዘዝ ብሎ። እማማ ትንሽ ተመለከቱና «እውነተኛው የትኛው ነው?» አሉ። «በግራ ያለው» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። በቀጥታ የመጣው ሞገድ ቀድሞ ይሣላል፤ ግድግዳ ነክቶ የተመለሰው ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ይሣላል። እነዚያ ሁለት ኦባማ በአናሎግ ከታዩት የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ነገሮች አንዱ ነበሩ።

ምክንያቱም ሕጉ ወጥቶ አልቋል። የአሜሪካ ምክር ቤት ከሦስት ዓመት በፊት የወሰነው፣ ትልልቆቹ ጣቢያዎች በሙሉ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2009 አናሎጉን እንዲያጠፉ ነበር። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። በሴፕቴምበር 11ዱ አደጋ ጊዜ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሬዲዮ መገናኘት ተስኗቸው ስለነበር፣ ቴሌቪዥን ከሚለቀው ፍሪኩዌንሲ የተወሰነው ለእነሱ እንዲሆን ታሰበ። የቀረው ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ወጣ፤ በ2008 የተካሄደው ጨረታ 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገኘ። ይህ ሞገድ ግድግዳ ዘልቆ ይገባል፣ ሩቅ ይሄዳል፤ ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። እማማ ሳያውቁት በአርባ ዶላር የተነሡት ከ19 ቢሊዮን ዶላር መሬት ላይ ነበር። እንደ ልማት ተነሺ ብንቆጥራቸው ካሣቸው አንሷል።

ካሣው ኩፖን ነበር። ለአንድ ቤት ሁለት፣ እያንዳንዱ 40 ዶላር የሚያወጣ፣ እንደ ባንክ ካርድ ያለ ፕላስቲክ በፖስታ ይላካል፤ ያንን ይዞ መደብር ሄዶ፣ ዲጂታሉን ለአሮጌው ቴሌቪዥን የሚተረጉም ሳጥን መግዛት ነው። በ90 ቀን ካልተገዛበት ይቃጠላል። የእማማን ኩፖን ልጃቸው ከሩቅ ሆና ሞልታላቸው ነበር። መጣ። የሱቅ ማስታወቂያ መስሏቸው መዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ ገጽ ማስታወሻ አደረጉት። እኔ ያገኘሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ እንዳይጠየቅ፣ በዚያው ጃንዋሪ ለኩፖኑ የተያዘው ገንዘብ አልቆ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥያቄ ወረፋ ይዞ ነበር። ነገሩ ሲከፋ ምክር ቤቱ ቀኑን ወደ ጁን 12 ገፋው፤ ኦባማም ከቃለ መሐላቸው በኋላ ወር ሳይሞላ ፈረሙበት። ያች አራት ወር ሌላም ጥቅም ነበራት። በፌብሩዋሪ ብርድ፣ በረዶ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴና የሚያስተካክል ማን ነው?

ሳጥኑን ከኪሴ ገዛሁት፤ 50 ምናምን ዶላር። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ሄጄ ገጠምኩ። ክብ ጆሮ ያለው ትንሽ አዲስ አንቴናም ይዤ ነበር፤ የመደብሩ ልጅ «ለዲጂታል ይሄ ነው» ብሎኛል። ባለ ሁለት ዘንጉን የድሮ አንቴና «እማማ፣ ይሄን አሮጌ እንጣለው» አልኳቸው። «ይሁን፣ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። እኔ አውቃለሁ። ይዤው ወረድኩና ከሕንፃው ጀርባ ያለው ትልቅ የቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት።

ምስሉ ግን ምን ልበላችሁ! ጥላ የለ፣ ነጠብጣብ የለ፤ እንደ መስታወት። እማማ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው ለዓመታት ያዩዋትን ዜና አንባቢ አዲስ ሰው ያዩ ያህል አፈጠጡባት። «ይቺ ልጅ ለካ ማድያት አለባት» አሉ። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ከዚያ ሁለት ሪሞት አስጠናኋቸው፤ አንደኛው የቴሌቪዥኑ፣ እሱ ቻናል 3 ላይ ይቀመጥና አይነካ፤ ሌላኛው የሳጥኑ። በአንደኛው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ያን ቀን የበላሁት ዶሮ ነው።

ጁን 12 ዓርብ ዋለ። ማታ ለሥራ ስወጣ ስልኬ ጮኸ።

«ሄደ» አሉ እማማ።

ሁሉም አልሄደም፤ ሁለቱ ብቻ። የሄዱት ግን ዜናውንና ዳኛውን የሚያሳዩዋቸው ነበሩ። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ጣቢያዎቹ ከቀኑ በፊት ዲጂታሉን የሚያሰራጩት በጊዜያዊ የዩኤችኤፍ ሞገድ ነበር፤ አናሎጉ በጠፋ ዕለት ሁለቱ ወደ ጥንቱ ቪኤችኤፍ ቦታቸው ተመለሱ። ለተመልካቹ ቁጥራቸው አልተለወጠም፤ ያው ነው የሚታየው። ከሥር ግን ቤት ቀይረዋል። ሳጥኑ አዲሱን ቤታቸውን እንዲያውቅ እንደገና መፈለግ አለበት፤ አንዳንዱ ሳጥን ደግሞ የድሮውን አልረሳም ስለሚል፣ አንቴናውን ነቅሎ በባዶ አስፈልጎ፣ ማስታወሻውን አስጥሎ፣ ከዚያ መልሶ ሰክቶ ሁለተኛ ማስፈለግ ነው። ይህን ሁሉ አደረግኩ። አልመጣም።

ያልመጣበት ምክንያት እኔ ነበርኩ። የቪኤችኤፍ ሞገድ ረጅም ነው፤ ረጅም ዘንግ ይፈልጋል። ያች ክብ ጆሮ ለዩኤችኤፍ እንጂ ለዚያ አቅም የላትም። «ለዲጂታል የተሠራ» የሚባል አንቴና የለም፤ አንቴና ሞገዱን እንጂ በሞገዱ ላይ የተጫነውን አያውቅም። ይህን እኮ ትምህርት ቤት ተፈትኜበታለሁ! ባለ ሙያ ነኝ ብዬ የጣልኩት አሮጌ አንቴና ነበር የሚያስፈልጋቸው። ሕንፃው ጀርባ ሄጄ የቆሻሻ ሳጥኑን አየሁት። ከሦስት ወር በኋላ ምን ይገኛል ብዬ እንደሆነ እኔም አላውቅም። በኋላ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ2 ዶላር ተመሳሳዩን ገዛሁ፤ መስኮቱ ሥር፣ መጋረጃው ላይ በመርፌ ቁልፍ አንዱን ዘንግ ደግፈን አቆምነው። መጣ። እማማ አንቴናውን አገላብጠው አዩና «ይሄ የኔው አይደለም እንዴ?» አሉ። ዝም አልኩ።

ከመጣም በኋላ ቢሆን እንደ ድሮው አልሆነም። ሕንፃው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። በአናሎጉ ዘመን አውሮፕላን ሲያልፍ ምስሉ ይንቀጠቀጥና ይመለሳል፤ ድምፁ ግን አይቋረጥም። አሁን ምስሉ በአራት ማዕዘን ተሰባብሮ ይቆማል፤ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። «ዳኛው ሊፈርድ ሲል ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ» ብለው የደወሉልኝ ቀን አለ። አናሎግ እየደከመ፣ እየደከመ ነው የሚሄደው፤ ግማሹ ቢጠፋ ግማሹን ዓይንና ጆሮ ይሞሉታል። ዲጂታል ግማሽ አያውቅም። እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ፍጹም ጥርት ያለ ነው፤ ከዚያች ነጥብ በኋላ ምንም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ገደል ይሉታል። ገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖሩት ደግሞ ይታወቃሉ፦ ከተራራ ጀርባ ያለ፣ ምድር ቤት የተከራየ፣ ጣራ ላይ የሚወጣለት ልጅ የሌለው።

በዚያው ሰሞን ያነበብኩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሃዋይ ደሴቶች ከሌላው አሜሪካ ቀድመው፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 አናሎግ አጠፉ። የተቻኮሉት፣ ማዊ ደሴት ላይ ሃሌአካላ በሚባለው ተራራ ጫፍ አሮጌዎቹ የማሰራጫ ማማዎች መነሣት ስለነበረባቸው ነው፤ እዚያ ጎጆዋን የምትሠራ፣ ልትጠፋ የደረሰች የባሕር ወፍ አለች፤ የመራቢያዋ ወቅት ሳይደርስ ሥራው ማለቅ ነበረበት። ወፏን አልጠላም። ለእሷ ያሰበላት ሰው እማማ አምስተኛ ፎቅም ብቅ ቢል ኖሮ ብዬ እመኛለሁ እንጂ።

ሰው ወደ ቤት የላከ አገር የለም እንዳትሉ፣ አለ። እንግሊዞች በአንድ ቀን አላጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኋይትሄቨን ከምትባል ትንሽ ከተማ ጀምረው፣ አውራጃ በአውራጃ እየሄዱ በ2012 ሰሜን አየርላንድ ላይ ጨረሱ። ዕድሜያቸው 75 ለሞላና ለአካል ጉዳተኞች፣ ከቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ በተመደበ ገንዘብ፣ ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ ይሄድ ነበር። ሳጥኑን ይገጥም፣ አንቴናው የማይረባ ከሆነ ይቀይር፣ ሪሞቱን ያስጠና ነበር። በእኔ ስሌት በአሜሪካ ኩፖንና በእንግሊዝ ቴክኒሽያን መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ብቻ አይደለም። አንደኛው ችግሩ ሳጥን ነው አለ፤ ሌላው ችግሩ ቤት ውስጥ ነው አለ።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ የተሰናከለችው ሌላ ቦታ ነው። ፌብሩዋሪ 2015 አናሎጉ ሲጠፋ ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች፣ ሲቲዝን፣ ኤንቲቪ፣ ኬቲኤን፣ «በሰው ማማ አንሰራጭም፣ የራሳችንን ሳጥን ለማዘጋጀት ጊዜ ስጡን» ብለው፣ ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ስክሪናቸውን አጨለሙ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር ነበር። በዲጂታል አንድ ማሰራጫ ብዙ ጣቢያ ይሸከማል፤ ስለዚህ የማማው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ይሆናል።

ወደ እኛ ልመለስ። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ በጎረቤቶቻችን መካከል ታናሽ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ የአፍሪካና የአውሮፓ አገሮች በተስማሙበት ውል፣ በዩኤችኤፍ ሞገድ የሚሠራ አናሎግ ጥበቃ የሚያጣበት ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የጎረቤት አገር ዲጂታል ቢረብሽህ አቤት የምትልበት የለህም ማለት ነው። ያ ቀን ካለፈ ቆየ። በዚህ መሐል ግን ሕዝቡ መንግሥትን አልጠበቀም፤ ወደ ዲጂታል የተሻገረው በራሱ ኪስ፣ በዲሽ ነው። የኮንዶሚኒየም በረንዳዎችን እዩ። ወዳጄ ትክክል የሆነው እዚህ ድረስ ነው።

ነገር ግን ዲሽ ማለት ፊትህን ወደ ሰው ሳተላይት ማዞር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣቢያዎቻችን ከግብፁ ናይልሳት ተነሥተው፣ ኢትዮሳት ብለን ወደምንጠራው፣ የሉክሰምበርጉ ኤስ.ኢ.ኤስ. ሳተላይት ላይ ወዳለው አገልግሎት ሲዛወሩ ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ናይልሳት ከእኛ ወደ ምዕራብ ነው፤ አዲሱ ወደ ምሥራቅ። አገሩ በሙሉ ዲሹን አዞረ። ከአሜሪካ ከተመለስኩ ዓመታት ሆኖኝ ስለነበር የእኔን የሚያዞርልኝ አንድ ወጣት የዲሽ ሠራተኛ ጠራሁ። እኔ ራሴ ልሠራው እችል ነበር፤ ጉልበቴ ግን ጣራ እምቢ ብሏል። ልጁ ከላይ ሆኖ የዲሹን መቀበያ፣ ኤልኤንቢውን፣ እያስተካከለ ሲጮህ ምን ሲል ሰማሁት? «መጣ?» በዚህ አገር ቴክኖሎጂው ይለወጣል እንጂ ቃሉ አይለወጥም።

ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ እናት አሉ፤ ጉልት ይቸረችራሉ። የእሳቸው ዲሽ ወራት ሙሉ ወደ ምዕራብ እንዳየች ቀረች። ለዲሽ ሠራተኛው የሚከፍሉት ለአስቤዛ የሚሆን ገንዘብ ነው፤ የአከራዩን ጣራ ለመርገጥም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ማታ «የኔ ቴሌቪዥን አረብኛ ብቻ ሆነ» አሉኝ እየሳቁ። ስላላዞሩት ማንም አልቆጠራቸውም፤ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት የለማ፤ ዝውውሩ የየግላችን ጉዳይ ነበር። እንግዲህ ወዳጄ «ማን ያውቀዋል?» ያለኝ ሲታወሰኝ፣ እሳቸው ያውቁታል ብዬ ነው የምመልሰው።

ከምድር የሚሰራጭ ዲጂታል ቴሌቪዥን ለእንዲህ ያለው ቤት ነው የሚሆነው። ማሰራጫው የራሳችን ተራራ ላይ ነው። ጣራ መውጣት፣ ሰማይ ማነጣጠር፣ የክረምት ደመናን መለማመጥ የለም፤ ማሰራጫው ቅርብ ከሆነ መስኮት ላይ የተቀመጠ ዘንግ ይበቃል። ድሮ አንድ ጣቢያ ይይዘው በነበረው የሞገድ ስፋት ዛሬ ከአሥር በላይ ማስተላለፍ ይቻላል። ስለዚህ እኔ ሽግግሩን አልቃወምም። የምቃወመው ሳጥን በማከፋፈል እንደሚያልቅ መታሰቡን ነው። መጋዘን ውስጥ ስንት ሳጥን እንዳለ የሚነግረን አይጠፋም። አናሎጉ ከመጥፋቱ በፊት ስንት ቤት ተገብቶ እንደታየ የሚነግረን ካልመጣ ግን ማጥፊያው ቀን ሊቆረጥ አይገባም።

የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ ገና ብዙ ቤት አለ፤ ዳንቴል ለብሶ፣ ከሥሩ ስታቢላይዘር ተደርጎለት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ያላቸው መሰኪያ የአንቴናው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚሰካበት የላቸውም። አሜሪካኖቹ በኩፖን የሚገዛው ሳጥን ሁሉ በአንቴናው ቀዳዳ፣ በቻናል 3 ወይም 4 እንዲያስገባ አስገድደው ነበር፤ ከሠሩት ሥራ ሁሉ ብልሁ ይህ ይመስለኛል። ይህን ያላሰበ ሳጥን በርካሽ ተገዝቶ ቢገባ፣ እነዚያ እናት ሳጥኑን ዳንቴል ላይ አስቀምጠው ያዩታል እንጂ በሳጥኑ አያዩም።

ገንዘቡስ? ቴሌቪዥን የሚለቀው ሞገድ እዚህም ለሞባይል ኢንተርኔት ይፈለጋል፤ ያለ ዋጋም አይሰጥም። ከዚያ ዋጋ ላይ ቀድሞ የሚነሣው የተነሺዎቹ ካሣ ይሁን። በየወረዳው ሥራ ፈትተው የተቀመጡ፣ የዲሽ አቅጣጫ በስልካቸው የሚያገኙ ልጆች አሉ፤ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ፣ በየቤቱ እየገባ «እማማ፣ መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራዊት ማድረግ ይቻላል። ቀኑም ክረምት ላይ እንዳይውል፤ ቆርቆሮ ያዳልጣል። ደግሞ ሠልጣኞቹን አደራ የምላቸው አለኝ፤ የሰው አሮጌ አንቴና አይጣሉ።

እኔ ከአሜሪካ ከተመለስኩ በኋላ፣ ከዚያ ጁን አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን፣ እዚያ ጣቢያዎች እንደገና ቤት መቀየር ጀመሩ፤ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ ወደ 20 ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር፣ ሌላ ፍለጋ። አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ የቨርጂኒያ ነው። ሰው የሞተ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ።

«ሄደ» አሉ እማማ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ሌላው ያው ነው።

«ቀይ ክር ያለበትን ሪሞት ይያዙ» አልኳቸው። ክሩ አሁንም አለ። ሜኑ የሚለውን ቁልፍ ከላይ ሦስተኛው ነው ብዬ በትዝታ ነገርኳቸው፤ አልነበረም፤ አራተኛው ነበር። እንግሊዝኛውን በፊደል በፊደል እያነበቡልኝ፣ ሰላሳ ደቂቃ ያህል ወረድን፣ ወጣን። በመሐል አውሮፕላን ሲያልፍ በስልኩ ሰማሁት።

«አሁን እሺ የሚለውን ይጫኑት። መጣ?»

«ቆይ ልጄ» አሉኝ፤ «እየቆጠረ ነው።»